መድኃኒቱ አበቃ፣ ድካሙ ግን ቀረ

ምዕራፍ 7፦ ስለ ማግኒዚየም እጥረትና ከፀረ ቫይረስ ሕክምና በኋላ ስለሚዘገዩ ምልክቶች

የሄፓታይተስ ሲ ሕክምናውን የጨረሰ ሰው ሁለት የምሥራች ይጠብቃል። አንደኛው ከላቦራቶሪ የሚመጣ ነው፤ መድኃኒቱ ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ በሚደረገው ምርመራ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ አልተገኘም የሚል ወረቀት። ሁለተኛው ከገዛ ሰውነቱ የሚመጣ ነው፤ ጠዋት ሲነሳ የሚሰማው ብርታት፣ ደረጃ ሲወጣ የማይከዳው ጉልበት። ወረቀቱ በቀጠሮው ቀን ይደርሳል። ብርታቱ ግን አንዳንዴ ይዘገያል። ክኒኑ ካለቀ ወራት ተቆጥረው እንኳ እኩለ ቀን ላይ አቅም የሚያንሰው፣ ሌሊት ባቱ እየተኮማተረ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው፣ ጣቶቹ የሚደነዝዙት፣ የዓይኑ ቆብ እየተርገበገበ የሚያስቸግረው ሰው አለ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «ድነዋል» ይለዋል፤ እሱ ደግሞ የዳነ ሰው እንዲህ ይደክማል ወይ ብሎ በልቡ ይጠይቃል። በዚህ መሐል አንድ ወዳጅ «ማግኒዚየም ጎድሎህ ነው» ይለዋል። ከባሕር ማዶ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥም አንድ ጠርሙስ አይጠፋም።

ይህ የጥቂት ሰዎች ጭንቀት አይደለም። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ የታወቀው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለግኝቱ ሃርቪ አልተር፣ ማይክል ሆውተንና ቻርልስ ራይስ በ2020 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በ2013 መጨረሻ ሶፎስቡቪር የተባለው ክኒን በአሜሪካ ሲፈቀድ የአንድ ሰው ሙሉ ሕክምና 84 ሺህ ዶላር ይጠየቅበት ነበር። ግብጽ በዓመቱ በ900 ዶላር ገደማ ልታገኘው ተስማማች። ቀጥላም በ2018 እና በ2019 ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መረመረች፤ የተገኘባቸውን በብዙ መቶ ሺዎች አከመች። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ቫይረሱ ከደማቸው የጠፋላቸው ሰዎች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ይበረታሉ፤ ጥቂት የማይባሉት ግን ከድካሙ ጋር ይሰነብታሉ። ስለዚህ ማግኒዚየም በዚህ ውስጥ ያለውን ድርሻ በእርጋታ መመርመር ተገቢ ነው።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ አንድ ነው። ማግኒዚየም ሊጎድል ይችላል፤ ሲጎድልም ሰውን በእርግጥ ያደክማል። ነገር ግን እጥረቱ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ችሎ የቆመ በሽታ ሳይሆን ሰውነት የሆነ ቦታ እያፈሰሰ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። የሚያፈስበት ቀዳዳም፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት ቫይረሱን ያጠፋው ክኒን ሳይሆን፣ ከክኒኑ ጎን የሚዋጥ ሌላ መድኃኒት ወይም ቫይረሱ በቆየባቸው ዓመታት የተጎዳ የአካል ክፍል ሆኖ ይገኛል። እንስራው ታቹ ተሸንቁሮ ሳለ ከላይ ውሃ ቢጨምሩበት አይሞላም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ምክር ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

ማግኒዚየም የት ይኖራል? ምን ይሠራል?

በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ 25 ግራም ገደማ ማግኒዚየም አለ። ከዚህ ከግማሽ በላዩ አጥንት ውስጥ ተቀምጧል፤ የቀረው አብዛኛው ጡንቻና ሌሎች ለስላሳ የአካል ክፍሎች ውስጥ ይገኛል። ከደም ተቀድቶ የሚለካው ውሃማ ክፍል የያዘው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሥራው ሰፊ ነው፤ ከ300 በላይ ኢንዛይሞች ያለ እሱ በቅጡ አይሠሩም። ሴሎች ጉልበት የሚያጠራቅሙበት ኤቲፒ የተባለው ንጥረ ነገር ለአገልግሎት የሚበቃው ከማግኒዚየም ጋር ተጣምሮ ነው። ጡንቻ ከተኮማተረ በኋላ እንዲላላ፣ ነርቭ ከመጠን በላይ እንዳይነሳሳ፣ ልብ ምቱን እንዲጠብቅ የሚያግዘውም እሱ ነው። እንግዲህ ሲጎድል ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መኮማተር ቢመጣ አይደንቅም። እጥረቱ ሲከፋ መደንዘዝ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መዛባት፣ አልፎም እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ይከተላል።

ሰውነት ይህን ማዕድን በቀላሉ አይለቅም። ጤነኛ ኩላሊት በቀን ወደ 2400 ሚሊ ግራም ማግኒዚየም አጣርቶ ሲያበቃ ከዚያ ውስጥ በሽንት የሚያስወጣው ወደ 100 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ የቀረውን መልሶ ይሰበስባል። ከምግብ የሚገባው ሲያንስ ደግሞ እጁን ይበልጥ ይሰበስባል፤ በሽንት የሚወጣው እጅግ ጥቂት ይሆናል። ስለዚህ ኩላሊቱና አንጀቱ ደህና የሆነ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ምግቡ ስለ ተጓደለ ብቻ ከባድ እጥረት ላይ አይወድቅም። ከባድ እጥረት ከታየ አንድ ነገር እየፈሰሰ ነው፤ ወይ በሽንት፣ ወይ በተቅማጥ፣ ወይም አንጀት መቀበል አቅቶት። ቀዳዳው ይፈለግ የሚለው ክርክር የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባ ባሕርይ አለው፤ ማግኒዚየም ሲወርድ ፖታሲየምንና ካልሲየምን አብሮ ይዞ ይወርዳል። ማግኒዚየም ያነሰው ኩላሊት ፖታሲየምን መያዝ ያቅተዋል፤ ካልሲየምን የሚቆጣጠረው የአንገት ዕጢም ሥራው ይዳከማል። ፖታሲየም በተደጋጋሚ ተሰጥቶት የማይስተካከል በሽተኛ ሲገጥመው ልምድ ያለው ሐኪም ፊቱን ወደ ማግኒዚየም የሚያዞረው ለዚህ ነው። ይህ ለበሽተኛውም ጠቃሚ ፍንጭ ነው። የድሮ የላቦራቶሪ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ፖታሲየሙና ካልሲየሙ ያለ በቂ ምክንያት ዝቅ ብለው ካገኘ፣ ማግኒዚየምን መጠርጠሩ ወሬ ሳይሆን ማስረጃ ያለው ጥርጣሬ ይሆናል።

የትኛው ፀረ ቫይረስ በእርግጥ ማግኒዚየም ያጎድላል?

«ፀረ ቫይረስ መድኃኒት» የሚለው ስም ብዙ የማይመሳሰሉ ነገሮችን ይሸፍናል። ማግኒዚየምን በመጣል በግልጽ የሚታወቅ አንድ አለ፤ ፎስካርኔት። ይህ መድኃኒት በ1991 በአሜሪካ የተፈቀደ ሲሆን፣ የኤች አይ ቪ ሕሙማንን ዓይን ለሚያሳውረው የሳይቶሜጋሎ ቫይረስ በደም ሥር የሚሰጥ ነው። ደም ውስጥ ያለውን ማግኒዚየምና ካልሲየም አንቆ ይይዛል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። በሽተኛው መድኃኒቱ እየገባ ሳለ አፉ ዙሪያ ሊወርረውና ጣቱ ሊደነዝዝ ይችላል። እዚህ ላይ መድኃኒቱን ጥፋተኛ ማለት ትክክል ነው፤ ሐኪሞችም ይህን ስለሚያውቁ በየጊዜው ደም እየለኩ ይሰጡታል። ነገር ግን ፎስካርኔት በሆስፒታል፣ በጥቂት ሰዎች ላይ የሚውል መድኃኒት ነው። ስለ እሱ የተጻፈው ሁሉ ለሄፓታይተስ ወይም ለጉንፋን ክኒን ለወሰደ ሰው አይሠራም።

ወደ ሄፓታይተስ ሲ እንመለስ። ከሶፎስቡቪር በፊት የነበረው ሕክምና ኢንተርፌሮንና ሪባቫይሪን ነበር፤ በየሳምንቱ መርፌ፣ በየቀኑ ክኒን፣ ለ24 ወይም ለ48 ሳምንታት። ያንን ሕክምና ያለፉ ሰዎች ድካማችን አልለቀቀንም ሲሉ የሚታመን ምክንያት አላቸው፤ ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ስም አለው። ኢንተርፌሮን የሰውነትን መከላከያ ስለሚያነሳሳ የእንቅርት ዕጢን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ዕጢው ከተዳከመ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ተዳክሞ ሊቀር ይችላል። የእንቅርት ዕጢ መዳከም ደግሞ ድካምን፣ የጡንቻ ሕመምን፣ ብርድ ብርድ ማለትን፣ የስሜት መውረድን ያመጣል፤ እንግዲህ ማግኒዚየም ከሚከሰስበት ዝርዝር ጋር እጅጉን ይመሳሰላል። ኢንተርፌሮን የመንፈስ ጭንቀትንም ያስከትላል። ሪባቫይሪን በበኩሉ ቀይ የደም ሴሎች ውስጥ እየተከማቸ ይሰብራቸዋል፤ ሄሞግሎቢን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይወርዳል፤ መድኃኒቱም ከሰውነት ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። መድኃኒቱን የሚወስዱ ሴቶችም ሆኑ የሚወስዱት ወንዶች ሚስቶች ሕክምናው ካለቀ በኋላ ለወራት እርግዝና እንዲያቆዩ የሚመከሩት ለዚህ ነው።

ዛሬ የሚሰጡት ክኒኖች ከዚህ ይለያሉ። ከ8 እስከ 24 ሳምንት ይወሰዳሉ፤ ከመቶ ከ95 በላይ ሰዎችን ከቫይረሱ ነጻ ያደርጋሉ፤ የሚታወቁባቸው የጎንዮሽ ጉዳቶችም ራስ ምታት፣ ድካምና ማቅለሽለሽ ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ከመድኃኒቱ ጋር ያበቃሉ። ማግኒዚየም ማጠብ ከጠባያቸው አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችም እንደየስማቸው ይለያያሉ። ሎፒናቪር ከሪቶናቪር ጋር ሲሰጥ ብዙ ሰው ያስቀምጠዋል፤ ረጅም ተቅማጥ ደግሞ ማግኒዚየም ያሳጣል። ቴኖፎቪር በአንዳንድ ሰው ላይ የኩላሊትን ማጣሪያ ቱቦዎች ሲጎዳ በቅድሚያ የሚፈሰው ፎስፌት ነው። ቴኖፎቪር እየወሰደ አጥንቱን የሚያመው ሰው የማግኒዚየም ጠርሙስ ከመክፈቱ በፊት ኩላሊቱንና ፎስፌቱን ይመርመር።

ቀዳዳው ብዙ ጊዜ የሚገኝበት ቦታ

አንድ በሽተኛ በየቀኑ የሚውጠውን ሁሉ ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ቢደረድር የሚፈለገው መልስ ከፊት ለፊቱ ሊገኝ ይችላል። በቅድሚያ የሚታየው የጨጓራ ክኒን ነው፤ ኦሜፕራዞል ወይም የእሱ ዘመድ። ብዙ ሰው ፀረ ቫይረሱ ሆዱን ሲያቃጥለው ይጀምረዋል፤ ከዚያ ማን እንዳዘዘው እስኪረሳ ድረስ ለዓመታት ይቀጥላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በማርች 2011 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ እነዚህ ክኒኖች ረዘም ላለ ጊዜ፣ በአብዛኛው ከአንድ ዓመት በላይ፣ ሲወሰዱ ማግኒዚየምን ሊያወርዱ እንደሚችሉ አስታውቋል። ከተመረመሩት ሕሙማን ሩብ በሚሆኑት ላይ ማግኒዚየም በተጨማሪ መስጠቱ ብቻውን አልበቃም፤ የጨጓራው ክኒን መቆም ነበረበት። ከዚህ የበለጠ ክርክራችንን የሚደግፍ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ማዕድኑ ተጨመረ፣ ቀዳዳው ግን ስላልተደፈነ አልሞላም፤ ቀዳዳው ሲደፈን ሞላ።

ሁለተኛው ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች ናቸው። ሄፓታይተስ ለዓመታት የቆየበት ጉበት ጠባሳ ሊይዝና ሊደነድን ይችላል፤ ቫይረሱ ቢጠፋም ጠባሳው በአንድ ሌሊት አይጠፋም። ሆዱ ውሃ ለሚቋጥርበት ወይም እግሩ ለሚያብጥበት ሰው ሐኪሙ ፉሮሴማይድ ያዝለታል፤ በሕዝቡ አፍ ላሲክስ የሚባለው ነው። ላሲክስ ከውሃው ጋር ጨውን፣ ፖታሲየምንና ማግኒዚየምን ያጥባል። አብሮት የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶን በአንጻሩ ማግኒዚየምን ይቆጥባል፤ ሐኪም የሁለቱን ሚዛን የሚያስተካክለው በደም ምርመራ ነው። ሌሊት ባቱ የሚኮማተርበት፣ ከሄፓታይተስ የዳነ፣ ጉበቱ የደነደነ ሰው እንግዲህ ከበሽታውም ከላሲክሱም በኩል የሚገፋው ምክንያት አለው፤ ቫይረሱን የገደለው ክኒን ግን እዚህ ላይ ንጹሕ ነው።

የቀሩትን ባጭሩ እንለፋቸው። በደንብ ያልተያዘ ስኳር በሽታ በሽንት ማግኒዚየም ያስወጣል። አልኮል ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ኩላሊትን ያስለቅቃል፣ ምግብንም ያስረሳል። ሥር የሰደደ ተቅማጥና የአንጀት በሽታ መቀበያውን ይዘጋሉ። ከእነዚህ አንዱም የሌለበት፣ በደንብ የሚበላና ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ከባድ የማግኒዚየም እጥረት ይዞት የመገኘቱ ዕድል ጠባብ ነው።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ብልህ ነው። «ደም ውስጥ ያለው ከመቶ አንድ እጅ ካልሞላ፣ የደም ምርመራ ደህና ቢል ምን ይጠቅመኛል?» ይላል። እውነት አለው፤ የደም ልኬት ጉድለት ያለበት መሣሪያ ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ከ1.7 እስከ 2.2 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ገደማ ያለውን ጤነኛ ይሉታል፤ አጥንትና ጡንቻ እየተራቆቱ ደሙ ለጊዜው በዚህ መካከል ሊቆይ ይችላል። በተቃራኒውም ያሳስታል፤ ከደሙ ማግኒዚየም ከፊሉ አልቡሚን በተባለው ፕሮቲን ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚጓዝ፣ አልቡሚኑ ያነሰ የጉበት ሕመምተኛ ልኬቱ ካለው በታች ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ነገር ግን የመሣሪያው ጉድለት መሣሪያውን ጥሎ በግምት ለመሄድ ፈቃድ አይሰጥም። ልኬቱን ከቀዳዳው ታሪክ ጋር አዳምሮ ማንበብ ነው ብልሃቱ። የጨጓራ ክኒን ለዓመታት የወሰደ፣ ፖታሲየሙ ዝቅ ያለ ሰው ደሙ «ደህና» ቢልም ጥርጣሬው ይቆያል። ምንም የሚያፈስ ነገር የሌለው ሰው ደሙ ደህና ካለ ጥርጣሬው ሊነሳለት ይገባል። ልኬቱ ዝቅ ብሎ ምክንያቱ ካልታወቀ የ24 ሰዓት ሽንት ይጠራቀማል፤ ማዕድኑ ጎድሎ ሳለ በሽንት ብዙ ከወጣ ኩላሊቱ እያፈሰሰ ነው፣ እምብዛም ካልወጣ አንጀቱ ወይም ምግቡ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጥናት ይጠቅሳል። በ1991 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ ሥር የሰደደ ድካም ያለባቸው ሰዎች በቀይ የደም ሴላቸው ውስጥ ያለው ማግኒዚየም ዝቅ ብሎ እንደተገኘ ጻፈ። 32 ሕሙማን በሁለት ተከፈሉ፤ ማግኒዚየም በመርፌ ለ6 ሳምንት ከተሰጣቸው 15 ሰዎች 12ቱ ተሻለን ሲሉ፣ ባዶ መርፌ ከተወጉት 17 ሰዎች የተሻላቸው 3 ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ያስደንቃል፤ የማግኒዚየም ሻጮችም እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። የማይጠቅሱት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው፤ ሌሎች ተመራማሪዎች በተመሳሳይ ሕሙማን ላይ ሲለኩ የተባለውን እጥረት አላገኙም። 32 ሰው ጥያቄ ለመክፈት ይበቃል፤ ፍርድ ለመስጠት ግን ያንሳል። ስለ ጡንቻ መኮማተር ደግሞ ማስረጃው ሰፋ ያለ ነው። ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ተቋም በ2020 ባደሰው ግምገማ፣ ማግኒዚየም በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የጡንቻ መኮማተር ትርጉም ባለው መጠን የመከላከሉ ነገር የማይመስል ነው ብሏል። ልብ በሉ፤ ይህ የተባለው ሰዎቹ ማግኒዚየም መጉደሉ ሳይረጋገጥ ለመኮማተሩ ብቻ ሲሰጣቸው ነው። ማዕድኑ ለጎደለው ይጠቅማል፤ ላልጎደለው አይጨምርለትም።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ወስጄ ተሽሎኛል» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው አይዋሽም። ነገር ግን ከቫይረስ የዳነ ሰውነት ያለ ምንም ጠርሙስም ቀስ በቀስ ይበረታል፤ ደም ይተካል፣ እንቅልፍ ይመለሳል። ሰው ክኒን የሚጀምረው ሕመሙ ሲብስበት ነው፤ ከባሰ በኋላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መሻል ነው። ከላይ በባዶ መርፌ የተሻላቸውን 3 ሰዎች ማስታወስ ይበቃል። መሻሉ ከማግኒዚየሙ መሆኑን የሚያስረዳው ከመጀመሩ በፊት ዝቅ ብሎ የተለካ፣ ከተሰጠ በኋላ ከፍ ብሎ የተለካ ቁጥር ነው።

አራተኛው፣ በጣም የሚሰማውም፣ «ማዕድን አይደል፤ ባይጠቅም ምን ይጎዳል?» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ የማዋለጃ ክፍል ውስጥ ይገኛል። በእርግዝና ደም ግፊት የተያዘች እናት እንዳትንዘፈዘፍ የማግኒዚየም ሰልፌት ይሰጣታል፤ በ2002 ይፋ የሆነው ማግፓይ የተባለው ትልቅ ጥናት አደጋውን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። አዋላጇ ግን መድኃኒቱን ሰጥታ አትሄድም። በየጊዜው ጉልበቷን መታ እያደረገች እግሯ መልስ መስጠቱን ታያለች፣ ትንፋሽዋን ትቆጥራለች፣ ሽንቷን ትለካለች፣ ማርከሻውን ካልሲየም ግሉኮኔትም አጠገቧ ታኖራለች። ማግኒዚየም ሲበዛ ጡንቻን ያዝላል፣ የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ሲከፋም ትንፋሽ ያቆማል። በአፍ የሚወሰደው እዚህ ድረስ የሚያደርሰው በተለይ ኩላሊቱ የደከመ ሰውን ነው፤ ረጅም ሕመምና ብዙ መድኃኒት ያሳለፈ ሰው ደግሞ ኩላሊቱ ሳይመረመር ጤነኛ ነው ሊባል አይገባም። አስገራሚው ነገር መብዛቱም እንደ መጉደሉ ድካም ማምጣቱ ነው፤ ሳይለኩ የሚጨምሩ ሰዎች ድካሙ ሲብስ «ገና አልበቃኝም» እያሉ ሊጨምሩ ይችላሉ።

ሌላም ጉዳት አለ፤ ለአገራችን አንባቢ ይህ ከሁሉ ይቀርባል። በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ ሕክምና ውስጥ ዋነኛ የሆነው ዶሉቴግራቪር በሆድ ውስጥ ከማግኒዚየም ጋር ሲገናኝ ይተሳሰራል፤ አንጀትም አይቀበለውም። ስለዚህ ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒት፣ የሚታኘከውም ሆነ ነጭ ፈሳሹ፣ ከዶሉቴግራቪር ጋር አይወሰድም። ዶሉቴግራቪር ከእሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መዋጥ አለበት። ለሄፓታይተስ ሲ የሚሰጡት ሌዲፓስቪርና ቬልፓታስቪርም ከእንዲህ ያለው የጨጓራ መድኃኒት በ4 ሰዓት ይራቁ ይባላል። «ምንም አይጎዳም» ተብሎ የተጨመረ ማዕድን ቫይረሱን የያዘውን ክኒን ጉልበት ሊያሳጣው ይችላል ማለት ነው።

በመጨረሻ የሚነሳው ተቃውሞ የቅሬታ ነው፤ «ታዲያ ድካሜ የሐሳብ ነው ልትሉኝ ነው?» አይደለም። ድካሙ እውነት ነው፤ ስለሆነም እውነተኛ ምክንያቱ ሊፈለግለት ይገባል። ጠርሙሱ ትልቁን ጥፋት የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ፍለጋውን ያስቆማል። ለድካሙ ስም አገኘሁ ያለ ሰው ምርመራውን ይተዋል። ከሄፓታይተስ ሲ በኋላ ችላ ሊባሉ የማይገባቸው ምክንያቶች ግን አሉ። አሜሪካ በ2016 እንዳስጠነቀቀችው፣ ሄፓታይተስ ቢ ጭምር ያለበት ሰው ሲ ሲጠፋለት ተደብቆ የነበረው ቢ ሊነሳበት ይችላል፤ ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን የተስፋፋ በመሆኑ ይህን መርሳት አይገባም። ጉበቱ የደነደነ ሰው ቫይረሱ ቢጠፋም የጉበት ካንሰር ሥጋት ስላለበት በየ6 ወሩ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዳከም፣ ስኳር፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ እነዚህ ሁሉ መድኃኒት አላቸው። ከእነዚህ አንዱን በማግኒዚየም ጠርሙስ መሸፈን የጎረቤትን በር እያንኳኩ የራስን ቤት እሳት መርሳት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። መጀመሪያ የሚዋጠውን ሁሉ፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን ቪታሚንና የጨጓራ ክኒን ሳይቀር፣ ሰብስቦ ወደ ሐኪም መውሰድ። ቀጥሎ ምርመራውን በስም መጠየቅ፤ ማግኒዚየም ብዙ ጊዜ ከተለመደው የደም ምርመራ ጋር ተካቶ አይመጣም፣ ካልታዘዘ አይለካም። አብሮ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ የኩላሊት ልኬት፣ ሄሞግሎቢንና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ይታዘዝ። ማግኒዚየሙ ጎድሎ ከተገኘ ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይሠራል፤ የጎደለውን መተካትና የሚያፈስበትን መድፈን። ኦሜፕራዞሉ አሁንም ያስፈልጋል ወይ? ላሲክሱ ይቀነስ ወይ? ይህን በራስ መወሰን አይገባም፤ ጥያቄውን ማንሳት ግን የበሽተኛው መብት ነው።

የሚተካው በክኒን ከሆነ ጠርሙሱን ማንበብ ያስፈልጋል። ማግኒዚየም ኦክሳይድ 400 ሚሊ ግራም የሚል ክኒን ውስጥ ያለው ራሱ ማግኒዚየሙ 241 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ ኦክሳይዱም አንጀት በደንብ የማይቀበለውና ሆድ የሚያላላ ዓይነት ነው። ሲትሬት የተባለው የተሻለ ይገባል። ለጎልማሳ ወንድ በቀን 400 እስከ 420፣ ለሴት 310 እስከ 320 ሚሊ ግራም ከምግብና ከመጠጥ ጭምር ይበቃል። በክኒን የሚጨመረው ደግሞ ሐኪም ካላዘዘ በቀር ከ350 እንዳያልፍ በአሜሪካ ይመከራል። ደሙ በቀናት ቢስተካከልም አጥንትና ጡንቻ እስኪሞሉ ሳምንታት ስለሚወስድ፣ በሦስት ቀን ብርታት ካላገኘሁ ብሎ መተውም ትክክል አይደለም።

ምርመራው ደህና ላለው ሰው ደግሞ ገበታው ይበቃዋል። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ወደ 180 ሚሊ ግራም ማግኒዚየም አለ። በነጭ የፉርኖ ዱቄት ውስጥ ያለው ወደ 22 ብቻ ነው፤ ስንዴው ሳይፈተግ ሲፈጭ ግን ወደ 137 ይይዛል። የጠፋው ከገለባው ጋር የተጣለው ነው። ጤፍ ከነገለባው ስለሚፈጭ ማዕድኑ አይጣልም፤ ሊጡም በእርሾ ስለሚቦካ ማዕድኑን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት በከፊል ይፈርስለታል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ሰሊጥ፣ ተልባ ሁሉም የሚሰጡት አላቸው። ተቆልቶ እንደ ዋዛ የሚቆረጠም አንድ እፍኝ የዱባ ፍሬ፣ 28 ግራም ያህሉ፣ ወደ 156 ሚሊ ግራም ይዟል። ቡና ብቻ ጠጥቶ ለሚውል በሽተኛ ጠርሙስ ከመግዛት በፊት ይህን መመለስ ይቀድማል።

አንባቢ ሆይ፣ የቀረብዎ ድካም ሐሰት አይደለም፤ ማግኒዚየምም አስማት አይደለም። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከመክፈትዎ በፊት ሁለት ነገር ይዘው ይሂዱ፤ የሚውጧቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ፌስታል፣ «ማግኒዚየሜ ተለክቶ ያውቃል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በአፍዎ። ዝቅ ካለ ቀዳዳው ይፈለግ፤ ደህና ከሆነ ፍለጋው ወደ ሌላ ይዙር። የልብ ምትዎ ከተዛባ፣ ራስዎን ከሳቱ ወይም ሰውነትዎ ከተንዘፈዘፈ ግን ይህን ምዕራፍ አጥፈው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።